እናታችን የዘለሏት መስመር

እናታችን ከፖስታ አዳይ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው መጋቢት 4 ቀን 1941 ዓ.ም. ተወለዱ። ከአምስት ልጆች አራተኛ፣ ከሴት ደግሞ ብቸኛ ነበሩ። ያደጉበት ቤት ሁለት ክፍል ብቻ ነበረው። አንደኛውን የስፌት መኪናውና የደንበኛ ጨርቅ ይዘውታል፣ በሁለተኛው ሰባት ሰው ይተኛበታል። ጠረጴዛው አንድ ስለነበር በእሱው ይበላበታል፣ ይተኮስበታል፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ የአባትየው ደብዳቤ በየሰፈሩ ይለይበታል።

አባታቸው ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ፣ መሥሪያ ቤቱ ሳይሰማ አድራሻውን የሚያነቡላቸው ያኔ ስድስት ዓመት እንኳ ያልሞላቸው እናታችን ነበሩ። ዶሮ የጫረው የሚመስል ጽሑፍ ሁሉ በእሳቸው እጅ አልፏል። አንድ ቀን ግን የቤት ቁጥር አዛብተው አነበቡና የሞት መርዶ የያዘ ደብዳቤ ሠርግ የሚደገስበት ቤት ገባ። በማግስቱ አባታቸው እጃቸውን ይዘው ወደ ሁለቱም ቤት ወሰዷቸው፤ በሁለቱም ደጃፍ ይቅርታ አስጠየቋቸው። እናታችን ይህን ሲያወሩ፣ «ሠርገኞቹ ሳቁ፤ ሐዘንተኞቹ ግን መርዷቸው አንድ ቀን ዘግይቶ ስለደረሳቸው አለቀሱ፤ ያን ልቅሶ አልረሳውም» ይሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁጥር ሁለቴ ሳያነቡ አልፈው አያውቁም።

ይህን የምጽፈው እኔ ታናሽ ልጃቸው ነኝ። እውነቱን ለመናገር እየጻፍኩ እሰርዛለሁ፤ ምክንያቱ ደግሞ ሐዘን ብቻ አይደለም። እናታችን ከሠላሳ ዓመት በላይ እንዲህ ያለውን የቀብር የሕይወት ታሪክ ሲያርሙ የኖሩ ሰው ናቸው። «ለሁሉ ደግ የነበሩ» የሚል ካዩ በቀይ እስክሪብቶ ያሰምሩበትና ዳር ላይ «ለማን? መቼ?» ብለው ይጽፋሉ። «ቤታቸው ለእንግዳ ክፍት የነበረ» ከሆነም «ማን ገባ?» ይላሉ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ደግ ነበሩ የሚል ቃል አታገኙም። ፈርቼ ነው።

ትምህርታቸውን በ1959 ዓ.ም. ጨረሱ፤ በሒሳብ እንደ ነገሩ፣ በቋንቋ ግን ከክፍላቸው የሚደርስባቸው አልነበረም። በ1961 ዓ.ም. በማተሚያ ቤት በአንባቢነት ተቀጠሩ። የዚያን ጊዜ አንባቢና አራሚ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። አንባቢው ከደራሲው ጽሑፍ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ አራሚው ለእርማት ታትሞ የመጣውን ፕሩፍ እያየ ይከተላል። ምንም እንዳይዘለል ታዲያ አንባቢው ነጥቡንና ሰረዙን ሁሉ በስሙ ይጠራል። «ሰውየው መጣ ነጠላ ሰረዝ ተቀመጠ ነጠላ ሰረዝ ሄደ አራት ነጥብ» እየተባለ ሲነበብ ነው የሚዋለው። እናታችን ሦስት ዓመት እንዲህ ሲያነቡ ከርመው በ1964 ዓ.ም. አራሚ ሆኑ። ቤታችን ውስጥም ሲቆጡ ነጥቡን ይጠሩት ነበር፤ «አትወጪም አራት ነጥብ» ከተባለ በኋላ ክርክር የሚባል ነገር የለም።

የእርማት ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከትልቁ ማተሚያ መኪና በላይ ነበር። መኪናው ሲነሣ ወለሉ ስለሚንቀጠቀጥ የሻይ ብርጭቆው በራሱ ጊዜ እየተንፏቀቀ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ይደርሳል። እናታችን ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሡ በግራ እጃቸው ብርጭቆውን ወደ መሐል ይመልሱታል። ልማድ ሆኖባቸው ከጡረታ በኋላም፣ ምንም በማይንቀጠቀጥ ቤት ውስጥ፣ ብርጭቆ ሲመልሱ ነው የኖሩት።

ስሕተት ያለበትን ገጽ ሁሉ «ይመለስ» ብለው ስለሚመልሱ ሠራተኛው «እትዬ ይመለስ» አላቸው። ስሙ ሲወጣላቸው የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነበሩ፤ እትዬ መባላቸውን ግን አልጠሉትም። አባታችን በዚያው ማተሚያ ቤት የመኪና ሠራተኛ ነበሩ። መተዋወቃቸው እናታችን ገና አንባቢ ሳሉ ነው። መኪና ላይ ወጥቶ መታተም የጀመረ ሥራ ርእሱ ላይ አንዲት ፊደል ተገልብጣ አይተው መኪናውን አስቆሙ። አባታችን ቀለም እስከ ክርናቸው እንደነካቸው ሊጣሉ ደረጃውን ወጡ። ይቅርታ ጠይቀው ወረዱ። በማግስቱም ወጡ፤ በሦስተኛውም ቀን፤ ምን ፈልገው እንደሆነ ከእናታችን በስተቀር ሕንጻው በሙሉ ያውቅ ነበር።

በ1963 ዓ.ም. ተጋቡ። አባታችን የሠርጉን መጥሪያ ራሳቸው አሳትመው፣ እስቲ ያገኙት እንደሆነ ብለው ሆነ ብለው አንድ ስሕተት ከተቱበት። እናታችን መጥሪያው ላይ በቀይ «ይመለስ» ጽፈው ወደ ታች ላኩት። ወረቀቱ የብረት ፊደሉን እየለቀሙ በሚደረድሩት ፊደል ለቃሚዎች በኩል ስላለፈ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ሙሽራው ተመለሰ እየተባለ ተወራ። አባታችን ይህን ሲያጫውቱን እንባቸው እስኪወርድ ይስቁ ነበር።

ሦስት ልጆች ወለዱ። የመጀመሪያው ወንድማችን መስከረም 1965 ዓ.ም. ተወለደ፤ እህቴ በ1968፣ እኔ በ1972። ወንድማችን ደረጃ ሲወጣ የሚያፏጭ፣ ፉጨቱም ዜማ የሚባል ነገር ያልፈጠረበት ልጅ ነበር። የዳቦ ጫፍ ይወድ ነበር፤ ጫፉን ሳያስፈቅድ ቆርጦ ስለሚበላ የቤታችን ዳቦ ሁሌም ቆራጣ ነበር። እናታችን ይቆጡታል፣ ቀጥለው ደግሞ ሌላኛውን ጫፍ ደብቀው ያስቀምጡለታል።

ኅዳር 1984 ዓ.ም. ወንድማችን በማጅራት ገትር ታሞ ሆስፒታል ገባ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እናታችን አምስት ቀን ሙሉ ከአጠገቡ አልተነሡም። በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ እግሩን በሁለት እጃቸው ይዘው አባታችን ሆይ የሚለውን ጸሎት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጸለዩ። እኛም አብረናቸው ቆመናል። «ፈቃድህ ትሁን» የምትለው መስመር ላይ ሲደርሱ ከሌላው ይበልጥ ጮክ ብለው አሏት። እግዚአብሔር ምን ያህል እንደተማመኑበት እንዲሰማ ፈልገው ነበር፤ እንዲህ ከታመነ ልጁን የሚወስድ አልመሰላቸውም። ወንድማችን ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት አልቆየም።

ለቀብሩ የሚሆነውን የሕይወት ታሪክ አጎታችን ጻፉት፤ በእናታችን መሥሪያ ቤት ታተመ። ባልደረቦቻቸው አዝነውላቸው፣ የልጇን ሞት እንዴት ታርም ብለው ለአንድ አዲስ አራሚ ሰጡት። አራሚውም እያለቀሰ አንብቦት ኖሮ ቁጥር አመለጠው። ታትሞ ሲታደል ወንድማችን «በ91 ዓመቱ አረፈ» ይል ነበር። እናታችን ከቀብሩ ላይ ወረቀቱን አዩት። ሕዝቡ ሁሉ ያለቅሳሉ ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ግን ሳቁ፤ ሳቁና «ምነው በሆነ!» አሉ። ከዚያ በኋላ ነው እንባው የመጣው፤ ሲመጣም ብዙ ቀን አልቆመም።

ከሐዘኑ ወደ ሥራ በተመለሱ በመጀመሪያው ሳምንት ለክፍሉ ኃላፊ፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት የሚታተም የሟች ታሪክ ሁሉ በእኔ እጅ ያልፋል አሉ። ማንም አልተከራከራቸውም። ያንን ወጣት አራሚም አልተቀየሙትም፤ ከአጠገባቸው አስቀምጠው ቁጥር ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እንዴት እንደሚነበብ አስተማሩት። ዛሬ ጢሙ ሸብቶ እዚህ መሐላችን ቆሟል፤ ይህንንም ወረቀት ያረመው እሱ ነው።

ልጅ የሞተባት እናት ወረቀት ይዛ ስትመጣ እናታችን ወንበር ይስቡላታል። የተለመደውን የማጽናኛ ምክር አይሰጧትም፤ ጊዜ ይሽረዋል፣ እግዚአብሔር ያመጣው ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር ከአፋቸው አይወጣም። «ምን ይወድ ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ። እናትየው መጀመሪያ ግራ ይገባታል፤ ከዚያ መናገር ትጀምራለች፤ ከጀመረች ማቆሚያ የለውም። እናታችን ከተነገራቸው ውስጥ አንድ ነገር መርጠው ታሪኩ ውስጥ ያስገባሉ። በከተማችን ብዙ ቤት ተሰቅለው ያሉ የሕይወት ታሪኮች ውስጥ፣ ከትምህርት ደረጃውና ከሥራ ዘመኑ መሐል «ዝናብ ሲዘንብ መስኮት መክፈት ይወዱ ነበር» የሚል ካገኛችሁ የእናታችን እጅ አለበት። በዓርባው ሄደው ደግሞ ያችን እናት ያያሉ። በዓመቱም ይሄዳሉ። ሰው ሁሉ ሄዶ ሄዶ ሲተው እሳቸው ያን ጊዜ ነው የሚጀምሩት።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ። እናታችን ከዚያ የሆስፒታል ቀን በኋላ ያችን «ፈቃድህ ትሁን» የምትለዋን መስመር አላሏትም።

ቤተ ክርስቲያን ቀርተው አያውቁም። በሦስተኛው ረድፍ በግራ በኩል የዘወትር ቦታቸው ነው። ይዘምራሉ፣ ይሰግዳሉ፣ ጸሎቱንም ከሕዝቡ ጋር ይላሉ፤ እዚያች መስመር ሲደርሱ ግን አፋቸውን ግጥም አድርገው ይዘጋሉ፤ መስመሯ ስታልፍ ይቀጥላሉ። በቤታችን ራት ላይ ስንጸልይም እንደዚያው ነበር። እኛም እሳቸውን ብቻቸውን ዝም ማሰኘት ስለከበደን ሁላችንም እዚያ ጋ አንድ ትንፋሽ ዝም ማለት ለመድን። ቄሱ ሰምተው ሊያነጋግሯቸው መጡ። እናታችን ሻይ አቀረቡላቸውና እንዲህ አሉ፦ «እኔ እግዚአብሔርን አልተኳረፍኩትም። በሰማይም በምድርም ከእሱ ሌላ ዘመድ የለኝም። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ብቻ ነው ያልተስማማነው። አልኩት፤ አደረገው። ሁለተኛ አልለውም።» ቄሱ ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ቤታችን መጥተው ሲጸልዩ እዚያች መስመር ላይ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ ጉንፋን ይመስለን ነበር።

አባታችን ብቻ በተቃራኒው ያችን መስመር ከሌላው ይልቅ ጮክ አድርገው ይሏት ነበር። አንድ ቀን እህቴ፣ እማዬን ለማናደድ ነው ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። «ለሁለት ሰው ስለምላት ነው» አሏት። በ2000 ዓ.ም. አባታችን በእንቅልፋቸው እንዳሉ አረፉ። በሚቀጥለው እሑድ እናታችን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ብቻቸውን ቆሙ፤ መስመሯ ስትደርስ ከአጠገባቸው የሚላት ሰው አልነበረም። ያን ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ያየሁት ፊታቸው እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ሆኖም በሚቀጥለው እሑድም ሄዱ።

በ1996 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ የሟች ታሪክ ማረሙን አልተዉም፤ ፕሩፉ እቤት ድረስ ይመጣላቸው ነበር። እግረ መንገዳቸውንም የእኔን ልጅ፣ እኔ ሥራ ስውል፣ እሳቸው አሳደጓት። ማንበብ ያስተማሯት እሳቸው፣ ጸሎት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። እኔ አንድም ቀን ቁጭ ብዬ አላደመጥኳቸውም፤ ጥፋቱ የእኔም ነው።

ግንቦት 2004 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያን የልጆች ቀን ተከበረ። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ድምፀ ጥሩ ናት ተብሎ ጸሎቱን በድምፅ ማጉያ እንድትመራ ተመረጠች። እናታችን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናቸው፤ ፊታቸው በርቷል። ልጅቱ ጀመረች፣ በደንብ ሄደች፣ መንግሥትህ ትምጣ አለች፤ ቀጥላም ቀጥታ ወደ ዕለት ምግቡ ገባች። ሕዝቡ ግን እንደ ልማዱ ያችን መስመር አለ። ልጄ ቆመች። ሕዝቡን በቁጣ አየችና በድምፅ ማጉያው «እሱ እኮ የለበትም!» አለች።

ቤተ ክርስቲያኑ በሳቅ ተናወጠ። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህሯ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብላ፣ አለበት፣ ረስተሽው ነው አለቻት። ልጅቱ ፍንክች አላለችም። «አያቴ ናት ያስተማረችኝ፤ አያቴ ደግሞ አራሚ ናት፤ አትሳሳትም» አለች። አሁንም ድምፅ ማጉያው እንደበራ ነው። ሰው ሁሉ እየሳቀ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ዞረ። እናታችን አልሳቁም። ቦርሳቸውን አንሥተው ቀስ ብለው ወጡ።

ያን ሳምንት ምግብ በአግባቡ አልበሉም። እኔ የደፈርኩትን ያህል አጽናናኋቸው፤ ልጅ ናት፣ ተስተካክሎላታል፣ ሰዉም ረስቶታል አልኳቸው። «ሰዉን ተዪው» አሉኝ። «እኔ መስመር የጎደለው ወረቀት አሳልፌ አላውቅም። ለልጄ ልጅ አሳለፍኩ። የእኔ ጠብ የእኔ ነው፤ እሷ ምን አድርጋ?» አሉኝ። በሕይወታቸው ሲያፍሩ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ልጄን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊታቸው አስቀመጧት። ነጭ ወረቀት አውጥተው ጸሎቱን፣ ሲያስተምሯት እንደነበረው፣ መስመሯን ዘልለው በሰማያዊ ጻፉ። ከዚያ ቀዩን እስክሪብቶ አነሡ። በጎደለው ቦታ፣ አራሚዎች የተዘለለ ነገር ሲያስገቡ የሚያደርጓትን የቀስት ጫፍ የመሰለች ምልክት አደረጉና ከበላዩ መስመሯን ጻፏት። ጽሑፉ እንደሌላው ቀን አላማረም። «አንብቢልኝ» አሏት። ልጄ አነበበች። «ድገሚ።» ደገመች። ሦስት ጊዜ አስነበቧት። እሳቸው ግን አላሏትም፤ ልጅቱ ስታነብ ጣታቸውን ከመስመሯ ላይ አድርገው ብቻ ተከተሉ።

እናታችን አንድ ገጽ አርመው ሲጨርሱ፣ ምንም ካልቀረበት፣ ግርጌው ላይ «ይታተም» ብለው ይጽፉና ይፈርማሉ። በዚህ ወረቀት ግርጌ ምንም አልጻፉም። አጥፈው መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ ከተቱት። በሚቀጥለው እሑድ ልጄ ከአጠገባቸው ቆመች፤ መስመሯ ስትደርስ እናታችን ዝም አሉ፤ ልጄ ግን እንደ ወንድ አያቷ ጮኸች። ማንም አልነገራትም። ለዓመታት እንደዚያው ሆኖ ቀጠለ፤ ወረቀቱም ሳይፈረምበት ቆየ።

ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የልብ ድካም ጠናባቸው። ደረጃ መውጣት ተዉ፤ ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተዉ፤ እሱ ነው የጎዳቸው። አልጋቸውን ወደ መስኮቱ አዞርንላቸው። ሲብስባቸው እንኳ ሐኪሙ የጻፈውን የመድኃኒት ማዘዣ ሳያነቡ አይለቁም፤ አንድ ጊዜ «በቀን ሦስት» የሚለው ሁለት ጊዜ ተጽፎ አግኝተውበት ሐኪሙ ራሱ ስልክ ደውሎ አመሰገናቸው።

ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ እህቴ፣ እኔ፣ ልጄና ያው የጥንቱ ቄስ አልጋቸው ዙሪያ ቆመን ጸለይን። እዚያች መስመር ላይ ስንደርስ እንደ ልማዳችን ዝም አልን። ልጄ እንኳ የዚያን ቀን ድምፅዋ አልወጣም። ቄሱ ጉሮሯቸውን ሊጠርጉ ሲሉ እናታችን ከትራሳቸው ላይ ብቻቸውን ጀመሩ። በሥራ ክፍል ድምፃቸው ነው ያሏት፤ እየለዩ፣ ለሚከተል አራሚ እንደሚነበብ አድርገው። «ፈቃድህ» አሉ፤ ትንፋሽ ወሰዱ። «በሰማይ እንደ ሆነች» አሉ። «እንዲሁም በምድር ትሁን።» ከዚያም «ድርብ ሰረዝ» አሉ። እህቴ ሳቀች፤ ሳቋ ወዲያው ልቅሶ ሆነ። ከሠላሳ ሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እሳቸው ገና አልጨረስኩም በሚል ዓይን አዩንና እስከ አሜን ድረስ ጸሎቱን አብረውን ዘለቁ።

ኋላ ትንሽ ሲያርፉ፣ ምን ሆነው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «አሁንም አልወደድኩትም» አሉኝ። «ወደድኩት ካልኩ ልጄን አልወደድኩም ነበር ማለት ነው። ግን ስሚ፤ ያው ዓረፍተ ነገር ሌላ ቦታ አለ። ጌታ በመያዙ ዋዜማ፣ አትክልቱ ቦታ ላይ ራሱ ብሎታል። ስንት ዓመት ሁለቱን ገጽ ሳላስተያይ ኖሬ! እሱም ወድዶት አላለውም፤ አልቦት ነው ያለው፤ ጽዋው ይለፍልኝ ብሎ ለምኖ ነው ያለው። እንግዲህ ያን ቀን ሆስፒታሉ ውስጥ እኔ ብቻዬን አልጮህኩም።» ይህን ለማለት ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው።

ከዚያ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ጠየቁ፤ ወረቀቱ ከጠርዙ ቢጫ ሆኗል። ቀይ እስክሪብቶ ፈልጎ የሚያመጣ ጠፍቶ ቤቱ ተተራመሰ፤ በስተመጨረሻ ልጄ ከቦርሳዋ አወጣች። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች፣ ከዚያም ከታች እስከ ላይ አነበቡት። ግርጌው ላይ «ይታተም» ብለው ጻፉ። ፈረሙ። ቀኑንም ጻፉ።

እናታችን ጥር 23 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በመኝታ ቤታቸው፣ እጃቸው በእህቴ እጅ ውስጥ እንዳለ በ74 ዓመታቸው አረፉ። ሰባ አራት ነው፤ ቁጥሩን ሦስት ሰው አይቶታል፣ ከመጨረሻውም ወደ መጀመሪያው ተነቧል።

ከኋላቸው ሁለት ሴት ልጆች፣ አራት የልጅ ልጆች፣ አንድ ወንድምና እኛ የማናውቃቸው ብዙ እናቶች ቀርተዋል። እነዚህ እናቶች ከትናንት ጀምሮ ቤታችን እየመጡ ነው። ወንበር ስበው ይቀመጣሉ፤ ከእኔ ፊት ለፊት። «ምን ትወድ ነበር?» ይሉኛል። የፈሰሰ ሻይ አይወዱም ነበር፣ ትክክለኛ ቁጥር ይወዱ ነበር፣ የአባታችንን ጮክ ያለ ድምፅ ይወዱ ነበር፣ የወንድማችንን ዜማ የሌለው ፉጨት ይወዱ ነበር እላቸዋለሁ። ከጀመርኩ እኔም አላቆምም።

እማዬ፣ እኛ ከዚህ በላይ ልናርመው አልቻልንም። አንቺ የምታውቂውን ጉድለት አንቺን የፈጠረ ይሙላው፤ ልጅሽን ከነፉጨቱ፣ ባልሽን ከነድምፁ አጠገብሽ ያቁምልሽ። እኛንም እስከዚያ ድረስ በሦስተኛው ረድፍ ያቆየን።

አሁን ጸሎቱን የምትመራልን ያችው የልጅ ልጃቸው ናት። ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የምታነበውም ከዚያው ወረቀት ነው። የቤተሰባችንን ልማድ የምታውቁ ሁሉ እዚያች መስመር ላይ ዝም እንዳትሉ አደራ፤ እናታችን አስገብተዋታል።